ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ስትሄዱ፦ ከጤና ጣቢያ እስከ መልስ ወረቀት

ከመተማ፣ ከደባርቅ ወይም ከአይከል ተነስቶ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚደርስ ታካሚ የሚጉላላው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። የመጉላላቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረው መኪና ከመሳፈሩ በፊት ነው፦ ማኅተም የሌለው ሪፈር፣ ያልታደሰ የመድን ደብተር፣ የተሰጠው መድኃኒት ሰዓት ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ቤት የቀረ የራጅ ፊልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከጉዞው በፊት ባለው ሥራ ላይ ረዘም ይላል። የተዘጋጀው ለአስታማሚዎች ነው፤ ታካሚ የሚልኩ ባለሙያዎችንም የሚመለከት ነገር አለበት። ምሳሌያችን ጎንደር ይሁን እንጂ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም ጥቁር አንበሳ ለሚሄድም ሕንፃውና መስኮቱ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

1. መጀመሪያ፦ እዚያ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል?

የአገራችን የጤና አገልግሎት ሦስት እርከን አለው። ታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ መሐል ላይ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። በዕቅዱ መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል። ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይሸከማል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወረፋ ለምን እንደሚረዝም አይጠይቅም።

ትርፍ አንጀት፣ በኦፕራሲዮን መውለድ፣ የታነቀ ቡአ፣ እነዚህ ቀዶ ሕክምና በሚሰጥበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይሠራሉ። ለዚሁ የሠለጠኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች የተመደቡባቸው ወረዳዎች አሉ። ወደ ላይ መላክ ያለበት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ መተንፈስ ያቃተው ጨቅላ፣ ካንሰር የተጠረጠረበት፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ፣ ታች ታክሞ ያልተሻለው ነው።

ሪፈር ሲጻፍላችሁ ላኪውን ባለሙያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «እዚህ የጎደለው ምንድን ነው? ባለሙያው ነው፣ መሣሪያው ነው ወይስ አልጋው?» የጎደለው ራጅ ብቻ ከሆነ ቅርብ ያለ ጠቅላላ ሆስፒታል ይበቃችሁ ይሆናል። የጎደለው አልጋ ከሆነ ደግሞ ላይኛውም ዘንድ አልጋ መኖሩ ሳይረጋገጥ መንቀሳቀስ ትርፉ ድካም ነው።

2. የሪፈር ወረቀቱን ቆማችሁ አንብቡት

ወረቀቱን ተቀብላችሁ ወዲያው ወደ መናኸሪያ አትሩጡ። እዚያው ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ሆናችሁ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ከሌለ አንብቡልኝ ብላችሁ፣ ቀጥሎ ያለውን አረጋግጡ።

ስም እስከ አያት ተጽፏል? በመድን ደብተሩና በቀበሌ መታወቂያው ካለው ስም ጋር አንድ ነው? ቤት ውስጥ «ወርቄ» የምትባል እናት በደብተሩ «ወርቅነሽ» ከሆነች ሪፈሩም ላይ ወርቅነሽ መሆን አለባት። መድን ክፍሉ መስኮት ላይ ሰው ከሚያስመልሱ ነገሮች አንዱ ይኸው የስም አለመግጠም ነው። ዕድሜም እንደዚሁ።

ቀን፣ የላኪው ስምና ፊርማ፣ የተቋሙ ማኅተም አለ? የሚላክበት ክፍልስ ተጠቅሷል? «ለጎንደር ሆስፒታል» ብቻ ከተባለ ታካሚው ከውስጥ ደዌ ወደ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ወደ ማሕፀንና ጽንስ ሲንከራተት ግማሽ ቀን ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የተሰጠው ሕክምና ከነመጠኑና ከነሰዓቱ መጻፍ አለበት። ይህ ለላኪ ባለሙያዎች ነው፦ ግፊት ጨምሮባት ያንቀጠቀጣት ነፍሰ ጡር ማግኒዥየም ሰልፌት ወስዳ ትላካለች እንበል። የመጀመሪያው መጠን በደም ሥር 4 ግራም፣ በጡንቻ ደግሞ 10 ግራም (በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም) ነው፤ ቀጣዩ 5 ግራም የሚሰጠው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ «ማግኒዥየም ተሰጥቷል» ብቻ ከተባለ ተቀባዩ ሐኪም ሁለት መጥፎ ምርጫ ይቀረዋል። ከደገመው መድኃኒቱ ይበዛባትና ጉልበቷ ሲመታ የሚሰጠው ምላሽ ይጠፋል፣ ቀጥሎም ትንፋሽዋ ሊቆም ይችላል። ካልደገመው እንደገና ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። «4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም በጡንቻ፣ ከቀኑ 9፡20» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይፈታዋል። ምጥ ለማፋጠን የተሰጠ ኦክሲቶሲን፣ አንቲባዮቲክ፣ የቴታነስ መርፌ፣ የገባ ግሉኮስም እንደዚሁ ይጻፍ።

ቤት ውስጥ የተወሰደ የባህል መድኃኒት፣ ኮሶ ወይም ሌላ ቅጠል ካለም ተናገሩ። አፍራችሁ የደበቃችሁት ነገር ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ለምን እንደተጎዳ የሚፈልገውን ሐኪም በሌላ መንገድ ይወስደዋል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መጠመቁን መተው የለበትም፤ የቲቢ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ፣ አቋርጦ ከሆነም ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይናገር።

3. መድኑ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚሠራው ደረጃውን ጠብቆ ለመጣ ነው። ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የምትይዙት ሦስት ነገር ነው፦ የዘመኑ እድሳት የተመታበት ደብተር፣ መታወቂያ፣ ማኅተም ያለው ሪፈር። የታካሚው ስምና ፎቶ ደብተሩ ውስጥ መኖሩን እዩ። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በአባቱ ደብተር ላይታከም ስለሚችል ቀበሌ ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እድሳቱ ያለፈበት ደብተር ይዞ ጎንደር ከደረሰ በኋላ ወረዳ መደወል እምብዛም አይጠቅምም።

ሕመሙ ድንገተኛ ከሆነ ግን ለወረቀት ብላችሁ አትዘግዩ። ድንገተኛ ታካሚ ቅድሚያ ክፍያ ተጠይቆ አይመለስም፤ ወረቀቱ በማግስቱም ይሟላል።

4. መደወል የላኪው ተቋም ሥራ ነው

ሆስፒታሎች ላይዘን የሚባል ክፍል አላቸው። ሪፈር የሚቀበለው፣ አልጋ የሚያፈላልገው፣ የሚወጣና የሚገባ ታካሚ የሚመዘግበው እርሱ ነው። ላኪው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ወደ ተቀባዩ ላይዘን ደውሎ የታካሚውን ሁኔታ ነግሮ «እንቀበላለን» የሚል መልስ ማግኘት አለበት። መልሱን የሰጠው ሰው ስምና ሰዓቱ ሪፈሩ ላይ ይጻፍ። አስታማሚ «ተደውሏል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

በተለይ የጨቅላ ሕፃናትና የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ቁጥሩ ውስን ነው። ሳይደወል የተላከ ጨቅላ መንገድ ላይ በብርድ ይጎዳል፣ ደርሶም ቦታ ያጣል። መሄዱ ካልቀረ ሕፃኑን ራቁት ገላውን ከእናቱ ደረት ላይ አጣብቆ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ በላዩ ጋቢ ደርቦ መውሰድ መንገድ ላይ ሊገኝ ከሚችለው ሁሉ የተሻለ ማሞቂያ ነው።

አምቡላንስ ወረዳው ከሌለው የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

5. ጉዞው

ሆዱን አጥብቆ ያመመው ሰው መንገድ ላይ ምግብ አይሰጠው፤ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው ከሆነ የበላው ያዘገየዋል። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ። አጥንቱ የተሰበረ ክንዱ ወይም እግሩ ከስብራቱ በላይና በታች ያለው መገጣጠሚያ ሳይንቀሳቀስ ተደግፎ ይታሰር።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውር ያቆማል፤ በዚህ ምክንያት ደርቆ የሚቆረጥ እጅና እግር፣ ያውም የልጆች፣ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአጥንት ክፍል የታወቀ ነው። ስብራቱ የታሰረለት ሰው ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ቀና ስታደርጉት ከባድ ሕመም ከተሰማው ማሰሪያውን ወዲያውኑ ፍቱት። ጎንደር እስኪደርስ አትጠብቁ፤ እጅና እግር ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ነው።

በሻንጣው ውስጥ፦ የራጅ ፊልም ሳይታጠፍ በካርቶን መሐል፣ የላብራቶሪ ውጤቶች፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው (በላስቲክ የተቋጠረ ነጭ ክኒን ማንም አይለየውም)፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳህንና ፔርሙዝ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። ለኦፕራሲዮን የሚሄድ ከሆነ ደም መስጠት የሚችል ዘመድ አብሮ ቢሄድ መልካም ነው። የሚሰጠው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነው፣ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ባለፉት 3 ወራት ያልሰጠ ነው። ደም ሰጪው በልቶ ይሂድ፤ በባዶ ሆዱ ወንበር ላይ የወደቀ ደም ሰጪ ለማንም አልጠቀመም።

6. በር ላይ

ድንገተኛ ከሆነ በቀጥታ ወደ ልየታ (ትሪያጅ) ነው። ታካሚው እዚያ ይቆይ፣ ካርዱን አስታማሚው ያውጣ። ልየታ ላይ የሚሰጠው ቀለም የሚናገረው ማን ቀድሞ እንደመጣ ሳይሆን ማን ቶሎ እንደሚሞት ነው። ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። አረንጓዴ ተሰጥቷችሁ ስትጠብቁ ሕመምተኛው ከባሰበት (ትንፋሽ አጠረው፣ ራሱን ሳተ፣ ደም ፈሰሰው) ተመልሳችሁ ልየታውን «ድጋሚ እዩልን» በሉ። ቀለሙ ይቀየራል።

ተመላላሽ ከሆነ በጠዋት ካርድ ክፍል ትሰለፋላችሁ። ከዚህ በፊት ካርድ ያለው ሰው አዲስ አያውጣ። ሁለት ካርድ ያለው ታካሚ ታሪኩ ለሁለት ተከፍሏል፤ የባለፈው ዓመት ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) በአንዱ፣ የዘንድሮው ኦፕራሲዮን በሌላው ይቀራል። የካርድ ቁጥሩን በስልካችሁም፣ በመድን ደብተሩ ጀርባም ጻፉት።

7. ማን ማን እንደሆነ ማወቅ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም ሲቋቋም የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ለጤና ጣቢያዎች ያፈራ ነበር። የሐኪም ሥልጠናው የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ከላይፕሲጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ማስተማሩ ለሆስፒታሉ እንደ ተጨማሪ ሥራ የሚቆጠር አይደለም፣ የተመሠረተበት ምክንያት ነው። አስታማሚን የሚያደናግረውም ይኸው ነው፦ አንድ ታካሚ በአንድ ጠዋት በአራት ሰው ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል።

ተማሪ የሚጠይቀው ለመማር ነው፤ መድኃኒት አያዝም። ኢንተርን የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ሆኖ በክትትል የሚሠራ ነው፤ ደም የሚቀዳው፣ ውጤት የሚያሳድደው፣ ሌሊት ስትጠሩ ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ነው። ሬዚደንት ሐኪም ሆኖ አሁን ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ነው፤ የዕለቱን ውሳኔ በአብዛኛው የሚወስነው እርሱ ነው። ከላይ ሲኒየሩ፣ ስፔሻሊስቱ አለ። አምስተኛ ጊዜ ተጠየቅን ብላችሁ አትበሳጩ። ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ያልተነገረ ነገር ለሦስተኛው ይነገራል፣ ምርመራውም በዚያ ይቃናል። ተማሪዎች ከብበው ሲያዩት የማይመቸው ታካሚ «አልፈልግም» ማለት ይችላል፤ ሕክምናው አይቀርበትም።

ጥያቄ የሚጠየቅበት ጊዜ ራውንድ (ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ነው፣ አስታማሚ ውጡ ከተባለ ደግሞ ራውንዱ እንዳለቀ። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፦ በሽታው ምን ተባለ? ዛሬ የምንጠብቀው ውጤት የቱ ነው? መቼ ይደርሳል? የኦፕራሲዮን ፈቃድ ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ምን እንደሚሠራ፣ ምን ሊያጋጥም እንደሚችል፣ ባይሠራ ምን እንደሚሆን፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን በአማርኛ፣ በምትረዱት ቃል እንዲነገራችሁ ጠይቁ።

8. ናሙና፦ ብዙ የሚበላሽበት ቦታ

ከታካሚው የተወሰደ ሥጋ (ባዮፕሲ) ብዙ ጊዜ በአስታማሚ እጅ ወደ ፓቶሎጂ (ናሙናው ወደሚመረመርበት ክፍል) ይሄዳል። ስለዚህ ስትቀበሉ እዩት። 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መሆን አለበት፤ ፈሳሹም ከሥጋው መጠን ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በጓንት ተጠቅልሎ ወይም በሳላይን የተሰጣችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በዚያ ሁኔታ ሰዓታት ከቆየ ይበሰብስና «ለምርመራ የማይበቃ» ተብሎ ይመለሳል። ታካሚው ደግሞ እንደገና ይቆረጣል። ነገሩ የሚገለበጠው ለካልቸር ሲሆን ነው፦ ጀርም ለማብቀል የሚላክ ናሙና ፎርማሊን ከነካው ጀርሙ ይሞታል። ጠርሙሱ ላይ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ከየት እንደተወሰደ ይጻፍ። ክዳኑ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ፤ ክዳን ይቀያየራላ።

የአክታ ምርመራ ምራቅ አይደለም፤ ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ከደረት በጥልቅ ሳል የወጣ ነው። ለሆድ አልትራሳውንድ ሌሊቱን ሳይበሉ፣ ለማሕፀንና ለፊኛ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ሽንት ቋጥሮ መሄድ ነው። የስኳር ታማሚ ለሲቲ ስካን ቀለም የሚወጋ ከሆነ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይናገር።

የታዘዘው መድኃኒት ወይም ምርመራ ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ወደ ግል ከመሮጣችሁ በፊት ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም አስመቱ። መድን ክፍሉ ውል ያለው ሌላ ቦታ ካለ ይነግራችኋል፤ ገንዘብ የሚመለስበት አሠራር ካለም ያለዚያ ማኅተምና ያለ ደረሰኝ አይሆንም።

9. ጠጋ ብሎ ለማየት፦ ካላ አዛር

የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለአካባቢው ምን እንደሚሠራ ከሚያሳዩ ነገሮች አንዱ ጎንደር ያለው የካላ አዛር ማዕከል ነው። በሽታው በመተማና በሑመራ ቆላ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፤ ዝንቧ የምትኖረው በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ነው። የሚጠቃውም በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ ውጭ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነው።

ከ2 ሳምንት በላይ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ ጎድን ሥር የሚዳሰስ ያበጠ ጣፊያ፣ ወባ ታክሞም ያልለቀቀ፦ ይህ ያለበት ከቆላ የተመለሰ ሠራተኛ መመርመር አለበት። መጀመሪያ የጣት ደም ፈጣን ምርመራ ይሠራል። ይህ ምርመራ ከዳነ በኋላም ለዓመታት «አለ» ሊል ስለሚችል ከዚህ በፊት ታክሞ ከነበረ ታካሚው የግድ ይናገር። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረጋል፣ ምክንያቱም ኤችአይቪ ላለበት የሚመረጠው መድኃኒት ሌላ ነው፦ አምቢሶምና ሚልቴፎሲን። ለሌላው የተለመደው የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው። በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ምግብ ተከፍቶለት «ድኛለሁ» ብሎ ወደ እርሻው የሚመለስ አለ። አጨዳ ላይ ያለ ሰው ልቡ እርሻው ላይ ነው፤ አቋርጦ የሄደ ግን በሽታው ያገረሽበታል። አስታማሚ ሲያቅድ ከ3 ሳምንት ያላነሰ ቆይታ ያቅድ።

10. ሲወጣ

ከሆስፒታል ስትወጡ የመውጫ ማጠቃለያውንም የመልስ ሪፈሩንም ሳትይዙ አትሂዱ። የመልስ ሪፈር ማለት ሆስፒታሉ ለላከው ጤና ጣቢያ የሚጽፈው ነው፦ ምን ተገኘ፣ ምን ተሠራ፣ እዚያ ምን ይቀጥል። እንደ ሌሎቹ ወረቀቶች ሁሉ ይህም ካልተጠየቀ ይረሳል። ያለ እርሱ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ስፌት ለማውጣት እንኳ ይፈራና መልሶ ይልካችኋል፣ አንድ ቀን መንገድ ለአምስት ደቂቃ ሥራ። የፊት ስፌት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ የሆድ ከ7 እስከ 10፣ የእጅና የእግር ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል፤ ሁሉም በጤና ጣቢያ የሚሆን ነው። የግፊትና የስኳር መድኃኒት ክትትልም እንደዚሁ። ከዚህ በተጨማሪ የጎንደር ተማሪዎች ለቡድን ሥልጠና ወደ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉና፣ ያ ወረቀት በእነርሱም እጅ ሊነበብ ይችላል።

ኢንሱሊን የሚወስድና ፍሪጅ የሌለው ሰው ያልተከፈተውን ጠርሙስ ውኃ እንዳይገባው በላስቲክ ቋጥሮ፣ እርጥብ አሸዋ ያለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ቦታ ያስቀምጥ። የተከፈተውን በ28 ቀን ይጨርስ።

በመጨረሻም የቀጠሮ ወረቀቱን እዚያው መስኮት ላይ ሆናችሁ አንብቡ። «12/5» ተብሎ ከተጻፈ ጥር 12 ሊሆን ይችላል፣ በፈረንጅ ከተቆጠረ ደግሞ ግንቦት 4። አራት ወር ገደማ ልዩነት ነው። «8፡30» ከተባለም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሁን ወይስ ከሰዓት በኋላ አረጋግጡ። የወሩን ስም በአማርኛ አስጽፉ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውንም እንዲጨምሩበት ጠይቁ። ቀጠሮው እውነትም ጥር 12 ከሆነ ደግሞ ቀኑን እንዲቀይሩላችሁ ለምኑ፤ ያን ቀን ጎንደር የሚካኤልን ታቦት ስትሸኝ ነው የምትውለው፣ መንገዱ አያሳልፋችሁም።